የአክስቴ ሰርግ ካሴትና የሰፈራችን ቪዲዮ (የሥራ ማስታወሻ፣ ከሐምሌ እስከ መስቀል)

ሐምሌ 20

ሥራው ባጭሩ ይሄ ነው። ቤታችን በ1986 የአክስቴ ሰርግ የተቀረጸበት የቪዲዮ ካሴት አለ፣ እሱን ወደ ኮምፒውተር እገለብጥና ካሴቱ ላይ የሚታየውን ሰፈርና መንገድ ዛሬ ካለው ጋር እያያያዝኩ ተከታታይ ቪዲዮ ሰርቼ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። ሰፈራችን ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። በ2016 ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር ያ ሁሉ ቤት ሲነሳ ከጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኛ ያለንበት ጥግ ግን እስካሁን አለ። አክስቴ ሜሪላንድ ናት፣ ወንድሜ ዱባይ፣ የአክስቴ ልጆች ደግሞ አዲሳባን የሚያውቋት በስልክ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው መጀመሪያ ለነሱ ነው፣ ቀጥሎ ለተነሱት ጎረቤቶቻችን፣ ከዛ ደግሞ ፒያሳን ለሚወድ ሁሉ።

ስለ ፒያሳ የተሰራ ቪዲዮ ሞልቷል እኮ፣ ቲክቶክ ስትከፍቱ ድሮን ከላይ እያዞረ መብራቱን አስፋልቱን ያሳያችኋል፣ ያምራል፣ ግን ሰው የለበትም፣ ሰው ካለም ድምፁ የለም ዘፈን ነው የተጫነበት። እኔ የምፈልገው ያ ቤት የማን እንደነበረ፣ እዛ በር ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበረ የሚናገር ሰው ያለበት ቪዲዮ ነው። እናቴ ይሄን ሁሉ ታውቃለች፣ ከጎረቤቶቻችንም የሚያውቁ አሉ፣ እነሱ እያሉ ካልተሰራ ከዛ በኋላ የሚሰራው ግምት ነው።

ሐምሌ 24

ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ፍለጋ። የመጨረሻው የዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፣ ስለዚህ አሁን ያለው ሁሉ አሮጌ ነው፣ የሚሰራ ስታገኙ ያዙት። እኔ ያገኘሁት ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋር ነው፣ ሱቃቸው ጠባብ ናት፣ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ድረስ የተፈታ ሬዲዮ ነው። ካሴቱን ከእጄ ተቀብለው ገና ሳያስገቡት መስኮቷን ወደ መብራቱ አዞሩና "ነዪ እዪ" አሉኝ፣ የጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ።

"ሻጋታ ነው ልጄ። እንዲህ እንዳለ ብታጫውቺው የዴኩን ሄድ፣ ሪቫኑን የሚያነበውን ማለቴ ነው፣ ያበላሸዋል፣ ሪቫኑም ሊበጠስ ይችላል፣ በኋላ ሌላ ካሴት ስታስገቢ ደግሞ ወደዛኛው ይዞርበታል።"

ካሴቱ ጀርባ ላይ አምስት ብሎን አለ፣ ፈቱት፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው በረንዳ ላይ ወጡና ሁለቱን ጥቅል አውጥተው ጠርዛቸውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያሉ ጠረጉ፣ ሪቫኑን እራሱን በጣት አይነኩም፣ ጠርዙን ብቻ። ከዛ መልሰው ገጠሙና እስከ መጨረሻው አዙረው ወደ ኋላ መለሱት፣ ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ሪቫን እንዲላቀቅ ነው። የዴኩንም ሄድ በንጹህ አልኮል ጠረጉት። ሌላ ያሳዩኝ ነገር፣ ካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች፣ እሷ ካልተሰበረች በስህተት ሪከርድ ቢነካ ሰርጉ ይጠፋል። የኛዋ ነበረች፣ በፒንሳ ነቀሏት። ቤታችሁ ካሴት ካለ ከሁሉ በፊት እሷን እዩ።

ዴኩን በኪራይ ሰጡኝ። ሂሳብ ስጠይቃቸው ያሉኝ በጣም ትንሽ ነው፣ "ሰርግ ነው ያልሽው፣ መልሽልኝ ብቻ" አሉ።

ሐምሌ 29

መገልበጥ። ዴኩ ጀርባ ያለው ቢጫና ነጭ ቀዳዳ ነው፣ ቢጫው ምስል ነጩ ድምፅ፣ ከዛ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የካፕቸር ዕቃ አለች፣ ርካሽ ናት፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ትገኛለች። ሶፍትዌሩ ላይ ፓል የሚለውን መምረጥ ግድ ነው፣ እኛ ሀገር ያለው ካሴት ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስልት የተቀረጸ ነውና ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው ስልት) ላይ ከሆነ ምስሉ ይዘላል ወይ ቀለሙ ይጠፋል። ፓል ማለት በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 576 መስመር ነው፣ ስለዚህ "ፎርኬ (4K) አድርጌ እገለብጥልሻለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ካሴቱ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

መገልበጥ የሚባለው በትክክለኛ ሰዓቱ ነው የሚሄደው፣ የሶስት ሰዓት ካሴት ሶስት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፍጠን የለም። ችግሩ መብራት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴኩ ግን መብራት ሲሄድ ሪቫኑን ውስጡ እንደዘረጋ ቀጥ ይላል፣ ያ ደግሞ ለአሮጌ ሪቫን ጥሩ አይደለም። የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ዩፒኤሱን ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ፋይሉ ወደ 10 ጊጋ መጣ። አንዳንድ ቦታ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ጠርዝ ላይ የምትርገበገብ መስመር አለች፣ እሷ የዴክ ሁሉ ባህሪ ናት፣ ኤዲት ላይ ትቆረጣለች። ድምፁ ግን ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው፣ እልልታው ቤቱን ሞላው።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል፣ እናቴ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ አትቀምስም፣ ስለዚህ ከሷ ጋር የሚሰራ ነገር ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ መጥታ ነጠላዋን አጣጥፋ ቡና አቀራረበች፣ እኔም ላፕቶፑን ከረከቦቱ ማዶ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ማይኳን ነጠላዋ ላይ ሰካሁላት፣ ስልኬ መቅዳት ጀመረ፣ ከዛ ካሴቱን ከፈትኩ። ጥያቄ አልጠየቅኳትም፣ እንድታይ ብቻ ነው የተውኳት።

የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ዝም ነው፣ ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ይሰማል። ከዛ ካሜራው ጓሮ ወደ ተጣለው ወጥ ቤት ዞረ። ትልቁ የድግስ ድስት፣ ጭስ፣ ሴቶቹ ሻሽ አስረው ወራጅ እንጨት በሚያክል ማማሰያ ወጡን ያማስላሉ፣ አንዷ ካሜራውን ስታይ በክንዷ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች። እናቴ የቡናውን ምጣድ ከእሳቱ አወረደችና "ወይኔ" አለች፣ "እሷ እኮ ናት፣ ያቺ ቀሚስ ያን ቀን ከኔ ተውሳ ነው።" ከዛ በኋላ አላቆመችም። ድንኳኑን የተከለው የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ፣ ጠላው የተጠመቀው እነማን ቤት እንደሆነ፣ ብርጭቆው ከዕድሩ እንደወጣ፣ ከኋላ የሚታየው የቆርቆሮ አጥር ማዶ ማን እንደነበር፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጨዋታ የያዙት ሁለት ሽማግሌዎች ለስንት ጊዜ ተኳርፈው ያን ቀን በሰርጉ እንደታረቁ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ግቢያችን ውስጥ ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ነበር፣ ምክንያቱ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 47። የአንድ ባለቤት የነበረ ግቢ ትርፍ ተብሎ ተወረሰና ክፍል ክፍሉ የቀበሌ ቤት ሆኖ ተከራየ፣ ስለዚህ አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤት፣ አንድ ቧንቧ ለግቢው ሁሉ ሆነ። ይሄን ሳታውቁ ካሴቱን ካያችሁ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሰርግ ለምን እንደሚሯሯጥ አይገባችሁም፣ ሰርጉ የግቢው ነው፣ የኛ ቤት ብቻ አይደለም።

መሃል ላይ ዝናብ መጣ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው፣ ዝናቡ ሲመጣ ማይኩ ደረት ላይም ሆኖ የእናቴ ድምፅ አይሰማም። አቆምን፣ ሁለተኛውን ጠጣን፣ ሲያባራ ቀጠልን። ካሁን በኋላ ድምፅ የምቀዳው ጠዋት ሰማዩ ሳይከብድ ወይ ማታ ሲያባራ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

ማታ ስሰማው ገባኝ፣ የቪዲዮው ተራኪ እናቴ ናት። የኔ ድምፅ አያስፈልግም።

ነሐሴ 5

አክስቴ ጋር ደወልኩ፣ ዋትስአፕ ላይ ከፊሉን ላኩላት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግማ አየችው። ከዛ ዩቲዩብ ላይ ልጭነው ነው ስላት ዝም አለች። ትዳሩ ከቆየ በኋላ ፈርሷል፣ ሰውየውም ሌላ ቤት ሌላ ልጆች አሉት።

"ስሚ የኔ ልጅ፣ ለዘመድ አሳዪኝ፣ ለአገር ግን አታሳዪኝ" አለችኝ።

ይቺ ንግግር ሥራውን በሙሉ ቀየረችው፣ ለደግ ነው። እስከዛሬ አንድ ቪዲዮ ነበር የማስበው፣ አሁን ሁለት ነው። አንደኛው የቤተሰብ ነው፣ ረጅም፣ ምንም ያልተቆረጠ፣ ሙሽሪትም ሙሽራውም መልሱም ያለበት፣ እሱ ለዘመድ ብቻ በእጅና በቴሌግራም ግሩፕ የሚሄድ። ሁለተኛው የሰፈር ነው፣ አደባባይ የሚወጣው፣ ወጥ ቤቱ፣ ድንኳኑ፣ ግቢው፣ መንገዱ። ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ መሞከር ሁለቱንም ነው የሚጎዳው፣ የቤተሰቡ እየተቆረጠ ይጎድላል፣ የሰፈሩ ደግሞ ሰው የማያውቀውን ሙሽራ እያሳየ ይሰለቻል።

ሕጉንም አየሁት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይ ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ ላይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይ ሊሸጥ አይችልም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ያስቀምጣል፣ ከነሱ ውስጥ በሕዝብ ፊት የተደረገ በዓልና ክንውን አለ። ስለዚህ የመንገዱ ምስል አንድ ነገር ነው፣ ጓሮ ውስጥ በክንዷ ፊቷን የሸፈነችው ሴትዮ ሌላ ነገር ናት። ዩቲዩብ ሳይኖር፣ ያኔ ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ሕግ ነው፣ ሆኖም ዛሬ ስልክ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ሲያለቅስ፣ ሲጣላ፣ ቤቱ ሲፈርስ ቀርጾ የሚለቅበት ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ የሰውየው ክፉ ቀን ለሌላው መዝናኛ መሆን የለበትም።

ፊታቸው ቀረብ ብሎ የሚታየውን ሰዎች ከእናቴ ጋር ጻፍናቸው። በሕይወት ያሉትን እራሳቸውን እጠይቃለሁ፣ ያረፉትን ልጆቻቸውን። እሺ ያላለ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ማደብዘዙንም ኤዲት ላይ ጨርሼው ነው የምጭነው።

ነሐሴ 9

መንገዱ። ካሴቱ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የሙሽሮቹ መኪና ተከትሎ የተቀረጸው ነው። ካሜራ የያዘው ሰው በመኪና መስኮት ወጥቶ ነው የሚቀርጸው። ከሰፈር ወጥተው በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶቹን አልፈው፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ጋር፣ አራዳ ጊዮርጊስን ዞረው፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር፣ ከዛ ወደ ብሔረ ጽጌ ለፎቶ። ክላክሱ አያቆምም። በጎን የሚያልፉት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች፣ ውይይት ታክሲዎች፣ ቀይና ቢጫ አንበሳ አውቶቡስ፣ ሰይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያትም አለች። የሚያልፈው ሰው ቆሞ እጁን ያውለበልባል፣ የማያውቀውን ሙሽራ!

ዛሬ ያንኑ መንገድ በእግሬ ሄድኩ፣ ስልክና ትንሽ ስታንድ ይዤ። ካሴቱን በስልኬ እያቆምኩ ካሜራው የነበረበትን ቦታ ፈልጌ እዛው ቆሜ ነው የምቀርጸው። ለዚህ የሚረዳችሁ የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ሕንፃ ይፈርሳል፣ የመንገዱ ቁልቁለትና የጊዮርጊስ ጉልላት ግን ያው ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው፣ ጣልያን አንስቶት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ቦታው ተመለሰ፣ ለኔ ሥራ እሱ ምሰሶዬ ነው፣ ከፈረሱ እግር ጀምሬ ሁሉን እለካለሁ። ካሴቱ ላይ ከሐውልቱ ጀርባ ያለው ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፣ የካቲት 2016 የተመረቀው። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው እራሴም ደነገጥኩ፣ አንድ ቦታ መሆኑን የሚያሳምነው ሐውልቱ ብቻ ነው።

እናቴ ለዚህም ክፍል አላት። የሷ እናት፣ እኛ እማማ የምንላት፣ አራዳ ገበያ እዛው ጊዮርጊስ ስር በነበረበት ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ጣልያን ገበያውን ወደ አሁኑ መርካቶ ከመውሰዱ በፊት ማለት ነው። እማማ ስትነግራት የሰማችውን ነው እናቴ የምትናገረው፣ ምስል የለኝም፣ የዛሬውን አደባባይ አሳይቼ በላዩ ላይ ድምፅዋን አስገባዋለሁ።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር። ሰው ሁሉ "መስከረም ይጥባና አደይ ሲፈነዳ ቅረጺ" ይለኛል። እኔ ግን የነሐሴ ደመና ለሰው ፊት የተሻለ ነው እላለሁ። በበጋ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ዓይን ጥቁር ይሆናል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ይጠፋል። ደመና ሲሆን ብርሃኑ እኩል ነው፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ አስፋልቱ ሰማዩን ይመልሰዋል፣ ቀለሙም ይጠልቃል። ፌስታል ይዛችሁ ውጡ ብቻ፣ ለስልኩም ለራሳችሁም።

በ1080 ነው የምቀርጸው፣ በደቂቃ 130 ሜጋ አካባቢ ይበላል፣ ፎርኬ ብዙ ይበላል፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከ576 መስመር ካሴት ጎን ስለሚቀመጥ ምንም አይጨምርም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ትናንት ማታ ችቦው በራ፣ ዛሬ ልጆቹ ጠዋት ጀምረው ዱላቸውን እየደበደቡ ሆያ ሆዬ እያሉ በየበሩ ናቸው። ቁጥራቸው ከድሮው አንሷል፣ ሰፈሩ ስላነሰ። የወንድሜ ልጅ ሚጣም ቀሚሷን ለብሳ አብራ ልዙር ብላ ወጣች።

ወላጆቻቸውን አስቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ አንዲት እናት "ድምፁን እሺ፣ ፊቱን ግን አይሆንም" አለችኝ፣ ልክ ናት። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት አደረግኩት፣ ዱላው መሬት ሲመታ፣ ጭቃ የነካ ጫማ፣ ሙልሙል የሚቀበል እጅ፣ ከኋላ የሚሄዱበት። ፊት ሳይኖር እንዴት እንደሞላ ብታዩት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት ቁጥር፣ የልጅ ሙሉ ስም የሚጠራበት ድምፅ አላስገባም፣ ስልኬም ላይ የካሜራውን ሎኬሽን አጥፍቻለሁ።

ካሴቱ ላይም ልጆች አሉ፣ የመብራት ገመድ ይዞ ካሜራውን የሚከተል አንድ ልጅ አለ፣ ሥራው የተሰጠው ይመስላል፣ በጣም ነው የሚኮራው። እናቴ ማን እንደሆነ አውቃዋለች። ዛሬ ኤሌክትሪሺያን ነው!! ደውዬ ነገርኩት፣ "አስገቢኝ፣ ስሜንም ጻፊ" አለኝ።

ነሐሴ 24

ኤዲት። ካሴቱ ኢንተርሌስድ (እያንዳንዱ ፍሬም ተራ በተራ በሁለት ግማሽ የሚሳል) ስለሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያወጣል፣ ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲኢንተርሌስ የሚለው ውስጥ ቦብ (Bob) የሚለውን መርጣችሁ በሰከንድ 50 ፍሬም ስታወጡት ጭፈራው ሁሉ ይለሰልሳል፣ እስክስታው ትከሻ ላይ በደንብ ይታያል። የካሴቱ ምስል አራት በሦስት ነው፣ ስክሪኑን እንዲሞላ ብላችሁ አትለጥጡት፣ ሰው ሁሉ ይወፍራል፣ በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር ምንም አይደለም። እኔ በግራ ካሴቱን በቀኝ የዛሬውን ነው ያስቀመጥኩት።

አጫጭር አድርጎ መቆራረጥ አሁን ፋሽን ነው፣ እኔ ግን ወጥ ቤቱን ሳልቆርጥ ረጅም አድርጌ ተውኩት። እናቴ ስም ስትጠራ ተመልካቹ ያንን ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልገዋል። የሚያውቃቸው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ነው የሚያየው።

ዘፈኑ አስቸገረኝ። ሰርጉ ላይ ቴፕ ተከፍቷል፣ የታወቁ ድምፃውያን ሥራ ነው የሚሰማው፣ ዩቲዩብ ላይ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ነገር ዘፈኑን በራሱ ለይቶ ለባለመብቱ ያሳውቃል፣ ከዛ ቪዲዮው ሊታገድ ወይ የማስታወቂያው ገቢ ለባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ትክክል ነው፣ ዘፈኑ የሰው ልፋት ነው። ስለዚህ በአደባባዩ ቪዲዮ ላይ ቴፑ ያለበትን ክፍል ድምፁን አጥፍቼ በእናቴ ትረካ ተካሁት፣ ሴቶቹ እራሳቸው እያጨበጨቡ የሚዘፍኑትንና እልልታውን ግን አንድም አልነካሁም።

ፈቃዱ እየተሰበሰበ ነው። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት እሺ ይላል፣ "እናቴ ትታያለች እንዴ?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፣ ድምፃቸው ይለወጣል። ያቺ ቀሚስ ተውሳ የለበሰችው ሴትዮ አርፋለች፣ ልጇን አገኘኋት፣ የእናቷ የተንቀሳቀሰ ምስል አይታ አታውቅም። ቆርጬ ላኩላት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዛች ቁራጭ ሲባል ዴክ መፈለጉ አይቆጭም።

ጳጉሜን 4

ለመጫን የሌሊት ጥቅል ገዛሁ፣ ሌሊት ርካሽ ነው ኔትወርኩም ይሻላል። ቻናላችሁ አዲስ ከሆነ ከ15 ደቂቃ በላይ ለመጫን በስልክ ቁጥር ማረጋገጥ ይጠይቃል፣ ቀድማችሁ ጨርሱት። መጀመሪያ አንሊስትድ አድርጌ ነው የጫንኩት፣ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው። ይሄን ግን እወቁት፣ አንሊስትድ ማለት ምስጢር ማለት አይደለም፣ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያያል። ለዛ ነው የቤተሰቡን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ በምንም መልኩ ያልጫንኩት። እሱ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሄደ፣ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፣ እንደ ፋይል ግን እስከ 2 ጊጋ እንዳለ ይደርሳል።

አክስቴ የሰፈሩን ቪዲዮ አይታ "እኔ የለሁበትም፣ ግን ቤቴ ነው" አለች። ልቀቂው አለችኝ።

መስከረም 6

ለአዲስ ዓመት ተለቀቀ። ዛሬ ደግሞ በፍላሽ ይዤ ወደ ተነሱት ጎረቤቶቻችን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ፣ ዕድራቸውን አላፈረሱትም፣ ወር በወር ይሰበሰባሉ፣ አንዷ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነውና አስራ ምናምን ሰው መሬትም ሶፋም ላይ ሆኖ አየ።

እዛ የሆነውን በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሥራው ከዚህ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። እናቴ "ይሄ የነእንትና አጥር ነው" ስትል እትዬ አንዷ ከኋላ "አይደለም፣ የነሱ ከቧንቧው ወዲያ ነው" አሉ። ክርክር ተነሳ። አንድ ወረቀት አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ግቢዎቹን መሳል ጀመሩ፣ ቧንቧው እዚህ፣ ወፍጮ ቤቱ እዚህ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እዚህ፣ ያ ትልቁ ባሕር ዛፍ እዚህ፣ ጎርፍ የሚወርድባት ቀጭን መንገድ በዚህ፣ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ማን እንደነበር ስም ተጻፈበት። እርሳሱ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያስተካክላል፣ ሳይስማሙበት የቀረ ቤት ላይ ሁለት ስም ተጻፈ። እኔ ካሜራውን ከላይ ወረቀቱ ላይ አድርጌ እጃቸውንና ድምፃቸውን ብቻ ቀረጽኩ። እስከዛሬ ከቀረጽኩት ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል፣ በየትኛውም የከተማ ካርታ ላይ የሌለ ነገር ነው።

ሁለቱ የታረቁ ሽማግሌዎች ካሴቱ ላይ ሲመጡ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ ያንደኛቸው ልጅ ነበረች፣ መኳረፋቸው በምን እንደነበር ተናገረች። እሱን ለአደባባይ እንዳላወጣው ጠየቀችኝ፣ አላወጣውም፣ በቤተሰቡ በኩል ይቀመጣል።

መስከረም 18

ደመራው አለፈ። የቀረውን ሥራ ልጨርስ። የፋይሉ ቅጂ ሦስት ቦታ ነው፣ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ ብረት ሳጥን ውስጥ፣ ሦስተኛው አክስቴ ጋር ሜሪላንድ፣ አንድ ቤት ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ። ካሴቱንም አልጣልኩትም፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ደረቅ ቦታ ነው የቆመው፣ ከክረምቱ እርጥበት ርቆ። ዴኩን መለስኩ።

ሁለተኛው ክፍል ያ በእርሳስ የተሳለው ካርታ ነው የሚሆነው። ስሞቹን ከሌሎችም ጋር ማመሳከር አለብኝ፣ በተለይ ሁለት ስም የተጻፈበትን ቤት፣ ለዛ ደግሞ ከዶሮ ማነቂያ ተነስተው ሌላ አቅጣጫ የገቡትን ቤተሰቦች ማግኘት ያስፈልጋል፣ የዕድሩ ጸሐፊ የድሮውን መዝገብ አስቀምጠውታል፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። ከኮንዶሚኒየሙ ሦስት ቤተሰብ ካሴት አለን ብለው ደውለውልኛል፣ አንዱ የክርስትና፣ አንዱ የምረቃ፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነ አያውቁትም፣ ላዩ ላይ አልተጻፈም። ጋሼ ጋር ሰኞ ይዣቸው እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ሻጋታው ይታያል።